የዘንባባ ፍሬ ያወፈረው ሰው

በ፲፱፻፴ ዓ.ም. ዐቢይ ጾም በገባ በሳምንቱ፣ ደብረ ማርቆስ የሰፈረው ጣሊያን አንድ ዶቶሬ አስመጣ። ዶቶሬው በሽተኛ አያክምም። ሥራው የዘንባባ ፍሬ መመርመር ነው። ይፈጨዋል፣ ይቀቅለዋል፣ ያነጥረዋል፤ ከዚያ ይጽፋል። ከዓባይ ቆላ በዓመት ስንት ሺህ ኩንታል እንደሚለቀም፣ ከሥጋው ስንት ስኳር፣ ከዘሩ ስንት ዘይት እንደሚወጣ ሁሉንም በደብተሩ አስፍሯል።

የቀረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር። ሰው ዘንባባ ብቻ በልቶ መኖር ይችላል? ከቻለ የጎጃም ጤፍና ገብስ ለወታደሩ ይጫናል፤ ገበሬው ደግሞ ቆላ ወርዶ ፍሬ እየለቀመ ይኖራል። ይህንን አስተርጓሚው ታረቀኝ ገበያ መሃል ቆሞ፣ ሳያፍር ለፈፈው።

«ለሙከራው አንድ ጤነኛ ሰው ይፈለጋል» አለ።

«እኔ አለሁ» አለ ፈንታ።

ፈንታ ከከተማው የሦስት ሰዓት መንገድ ርቆ ያለ መንደር ገበሬ ነው። የመንደሩ ወንዶች፣ ከፊሎቹ ቆላ ወርደው ሸፍተው፣ የቀሩት ከጣሊያን የማረኩትን ጠመንጃ በየጣራው ሸጉጠው፣ ጥይት ካጡ ዓመት አልፏቸዋል። ያም ሆኖ እስከዚያች ቀን ድረስ ከመካከላቸው ለጣሊያን ያደረ አልነበረም። ሚስቱ ጥሩነሽ ወሬውን ስትሰማ አላመነችም። ያመነችው ሰኞ ጠዋት ጋቢውን ደርቦ ሲወጣ ስታይ ነው።

ውሉ ቀላል ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በጣሊያን ዕቃ ቤት ይቀመጣል፤ በሚስማር በተመቱ ሣጥኖች ላይ አንጥፎ ይተኛል፤ ከዘንባባና ከውኃ በቀር አይቀምስም። ቅዳሜ ተመዝኖ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እሑድ ቆላ ወርዶ የሳምንቱን ፍሬ ያመጣል። የሙከራው ሰው ነውና ማንም እጁን እንዳያሳርፍበት ዶቶሬው ዘበኞቹን አስጠነቀቀ።

ልብሱን አውልቆ እንዲመዘን ሲጠየቅ ፈንታ አሻፈረኝ አለ።

«በሁዳዴ ገላዬን ለአረመኔ አላሳይም፣ በለው።»

ታረቀኝ አለዝቦ ተረጎመው። ዶቶሬው ሌላ ጋቢ አስመጥቶ መዘነና ያንን ቀነሰ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ሁለት ኪሎ ጨምሮ ተገኘ። በሁለተኛው አራት። በሦስተኛው ሰባት ደረሰ። ዶቶሬው በደስታ የሚይዘውን የሚጨብጠውን አጣ።

«ዶቶሬ፣ ፊቱ እኮ ከስቷል» አለ ታረቀኝ።

«ሚዛን ይዋሻል?» አለ ዶቶሬው፣ ከደብተሩ ቀና ሳይል። ስቡ በመንገድ እንዳይቀልጥም አንዲት በቅሎ አዘዘለት።

መንደሩ በንዴት ተቃጠለ። አገር ምድሩ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ አጥንቱ ሲቆጠር፣ ይህ ሰው በማለዳ እየበላ ሆዱ ቀድሞት ይመጣል! ያስ ይሁን። ከበቅሎዋ ሳይወርድ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አለፈ። ሕፃን እንኳ እዚያች ደጅ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ይሳለማል፤ እሱ ግን እንደ ሹም ተኮፍሶ ሄደ። ቄስ ኃይለ ሚካኤል ከዚያ ወዲህ መስቀላቸውን ነፈጉት።

ጥሩነሽ ከውኃ ስትመለስ ሴቶቹ መንገድ ይለቁላት ጀመር፤ ከአክብሮት አይደለም። እፍረቱ አንገበገባት። ፈንታም ቤት መግባት ትቶ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጥጆቹ ጋጣ ያድራል።

«የልጆችህን እህል በሆድህ ለወጥከው» አለችው፣ በጋጣው በር ቆማ።

«ታገሺኝ።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪበቃ ድረስ።»

«ያንተ ሆድ ይበቃዋል?»

በማግሥቱ በቅሎዋን ጭኖ ወደ ቆላ ወረደ።

በአራተኛው ቅዳሜ ሚዛኑ አሥራ አንድ ኪሎ ጭማሪ አሳየ። ዶቶሬው ሙከራው መሳካቱን ጽፎ ፈረመ። ታረቀኝም በዚያው ቀን በመኪና እየዞረ ለፈፈ፤ ሰኞ ጠዋት እህል የሚጭኑ መኪኖች ይመጣሉ፤ ጎተራውን የደበቀ በስቅላት ይቀጣል።

ፈንታ በበቅሎዋ ሲደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። መንደርተኛው ግቢው ውስጥ ተሰብስቦ ይጠብቀው ነበር። ጥሩነሽ ጎተራው ሥር፣ ለሰኞው እህል መስፈሪያ ያወጣችውን ቁና ይዛ ቆማለች። ዓይኗ ቀልቷል።

«እዚህ ቤት ከእንግዲህ አትደርስም» አለችው።

«አባ፣ ደግፈው ያውርዱኝ» አለ ፈንታ ለቄስ ኃይለ ሚካኤል።

«ጣሊያን ያወፈረህ ጣሊያን ያውርድህ!»

ማንም እጁን አልዘረጋም። ሆዱን በሁለት እጁ አቅፎ ተንሸራተተና በጉልበቱ መሬት ላይ አረፈ። ላቡ በከሳ ጉንጩ ላይ ይወርዳል።

«ሰኞ አንዲት ፍሬ እህል እንዳታስጭኑ» አለ።

«በምን እንከልክል?» አሉ ቄሱ። «በልተህ አስፈረድክብን፤ አሁን ደግሞ ታላግጥብናለህ?»

«የእስከ ዛሬው ቆላ ላሉት ልጆች ደርሷል፣ አባ። የዛሬው የእናንተ ነው።»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ነገሩ ለማንም አልገባውም።

«ደግሞ ምን ተርፎህ ልትሰጠን ነው?» አለች ጥሩነሽ።

ፈንታ ቁናውን ከእጇ ወሰደ፣ ጋቢውን ገለጠና መቀነቱን ፈታ፤ የጣሊያን ጥይት እየተንኮሻኮሸ ቁናውን ሞላው።