የእጅ ውኃ

የውኃ መርማሪው እኛ ቤት እስካለ ድረስ ከመቀመጫሽ እንዳትነሺ ብዬ እናቴን ለምኛት ነበር።

የከተማችን ጉድጓዶች ነርቭ የሚጎዳው ማዕድን፣ ማንጋኒዝ፣ ከበዛባቸው ወዲህ የተጣራ ውኃ የሚታደለው እጁ ለማይንቀጠቀጥ ሰው ብቻ ነው። የሚንቀጠቀጠው አንዴ ተመርዟል፣ አይድንም፣ ስለዚህ የጉድጓዱን ይጠጣ ይላል ሕጉ።

እናቴ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ቀብራ መርማሪው የጠየቃትን ሁሉ መለሰች። እሱም «ጤነኛ» ብሎ ጻፈ። እፎይ ብዬ ምሳ ላቀርብለት ጓዳ ገባሁ።

«እጅ የሚያስታጥብ የለም?» ሲል ሰማሁት።

ፍርፍሩን ይዤ ብቅ ስል እናቴ ጆጉን አንስታ ቆማለች። እንግዳ እጁን ዘርግቶ እየጠበቀ መቀመጥ አላስቻላትም። ውኃው አንዴ እጁ ላይ፣ አንዴ ሱሪው ላይ ይፈሳል። እሱ አልተቆጣም። ረጋ ብሎ እጁን እያሸ ጣቶቿን ያያል።

«እናቶች ሁሉ ይነሳሉ» አለኝ።

የጻፈውን ሰረዘና ፍርፍሩን ጠርጎ በላ። ከወጣ በኋላ የታጠበበትን ሳፋ ልደፋ አነሳሁት። እናቴ በሚንቀጠቀጠው እጇ ክንዴን ያዘችኝ።

«እጣቢውን አትድፊው፣ ልጄ። የተጣራው እኮ ነው።»