ወዬ

ሰው በሌለበት ምድር የሰው ድምፅ ከየት ይመጣል? ናጅዋ ሩቅ አገር ተምራ ወደ ትውልድ ከተማዋ ወደ መርሳ ከተመለሰች ወዲህ ሥራዋ ቤቷ ሆና ማርስ ላይ ያለ ሮቦት ቀርጾ የሚልከውን የነፋስ ድምፅ ማጥራት ነው። አንድ ቀን ግን ከነፋሱ ሥር አንዲት ሴት ስትጣራ ሰማች፤ ቃሏ አይለይም።

ምሳ ላይ ለእናቷ ነገረቻት።

«ጅን ነው። የጠራሽን በዓይንሽ ሳታይ አቤት እንዳትይ!»

«ማርስ ላይ ጅን ምን ይሠራል፣ እማ?»

«እናንተስ እዚያ ምን ትሠራላችሁ?»

ተሳሳቁና እናቷ ልብስ ልታሰጣ ጓሮ ወጣች።

ናጅዋ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ነፋሱን ቀነሰችው። ድምፁ ጠራ። የራሷ የናጅዋ ድምፅ ነው፤ እንዲህ እያለ ይጣራል፦

«እማ! እስቲ ነይ!»

ከማዳመጫው የሚወጣውን ከእሷ በቀር የሚሰማው የለም። ከጓሮ ግን እናቷ መለሰች፦ «ወዬ ልጄ! መጣሁ!»

ናጅዋ ጠበቀች። ማንም አልገባም። ጓሮ ስትወጣ እናቷ የለችም። እርጥቡ ልብስ ሳፋው ውስጥ ነው፤ የግቢው በር ከውስጥ እንደተቆለፈ ነው። ስልኳን አውጥታ ለእናቷ የድምፅ መልእክት ላከች።

«እማ፣ እኔ አልጠራሁሽም። ተመለሽ።»

መልእክቱ ደርሷል። መልስ ግን እስከ ዛሬ አልመጣም።