ቦይለሩ የተሰቀለበት ክፍል

ነገሩ የሆነው ቀያሹ የራሱን ቤት ሠርቶ በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ እናቱ ጠቅልለው አብረውት መኖር በጀመሩበት ክረምት ነው።

ዕድሜውን የሰው መሬት ሲለካና ድንበር ሲለይ የኖረ ነውና፣ ለእናቱ ሙቅ ውሃ ብሎ ለገዛው ቦይለር ቦታ መምረጥ አልከበደውም። ከእናቱ መኝታ ክፍል አጠገብ ያለው መታጠቢያ ቤት ግድግዳው ጠንካራ ነው፤ የውሃ መስመሩም ቅርብ። እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ ምልክት አደረገ።

«እዚያ አይሆንም» አለች ሚስቱ።

«ለምን?»

«ጓሮ፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ይሁን።»

የጓሮው ክፍል ከዋናው ቤት ተነጥሎ የቆመ ነው፤ ለመድረስ ግቢውን ማቋረጥ ይጠይቃል። ከአሮጌ ገንዳና በደጁ ከተወጠረ የልብስ ማስጫ ገመድ በቀር ምንም የለውም። በዚያ ሰሞን ሚስቱ አንሶላ ማጠብ እንደ ሱስ ሆኖባት ነበር፤ ገመዱ ያለ አንሶላ የሚውልበት ቀን አልነበረም።

«ለአንሶላሽ ስትይ እናቴ በዝናብ ግቢ ታቋርጥ?»

ሚስቱ ከንፈሯን ነከሰች።

«እማዬ፣ አንቺው ተናገሪ። የት ይሁንልሽ?»

እናቱ እንደ ልማዳቸው ከእንጨት ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ለስላሳው ሶፋ ባዶውን ተቀምጦ፣ እሳቸው ያችን ደረቅ ወንበር የሙጥኝ ካሉ ሰንብተዋል። መልስ ከመስጠታቸው በፊት ምራታቸውን ቀና ብለው አዩ።

«ሚስትህ ያለችው ይሁን፣ ልጄ። ደግሞ ለእኔ ብለህ ነው? በቀዝቃዛ ውሃ ያደግሁ ሰው!»

ቀያሹ ያችን አስተያየት በልቡ ጻፋት። በወለዱት ልጅ ቤት ሰው መፍራት!

ቧንቧ ሠራተኛው መሰላሉን እየተሸከመ ወደ ጓሮ ሲያልፍ ሳቀ። «አይክፋዎት ጌታዬ። ቀያሽ በሌለበት ድንበር የምትቆርጠው ሚስት ናት፤ ቀያሽ ባለበትም ያው ናት።»

እናቱ ግን ሠራተኛውን ተከትለው ወጥተው፣ «ልጄ፣ በዚያው እጅህ በሩ ላይ ከውስጥ መቀርቀሪያ ብትመታልኝ» አሉት።

ቀያሹ ሰማቸው። ለተፈረደባቸው ክፍል መቀርቀሪያ ይለምናሉ።

ብዙም ሳይቆይ ታላቅ እህቱ ሳትናገር መጣች። ከበር ስትገባ ያየችው፣ እናቷ ፎጣ በትከሻቸው ጣል አድርገው ዝናቡ መሀል ሲያዘግሙ፣ ምራቲቱም ጃንጥላ ይዛ እንደ ዘብ ከኋላ ከኋላቸው ስትከተል ነው። እህትየው ሻዩን ሳትነካ ወንድሟን ወደ ጥግ ሳበችው።

«አንተ! ይህን ሁሉ ቤት ገትረህ እናታችንን ጓሮ ታጥባለህ?»

«እሷ ናት እኮ...»

«እሷማ እሷ ናት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። እማዬ እኔ ቤት ማደር እርም ካለች ስንት ጊዜዋ! አመሻሽ ላይ ውሃ እንኳ ብሰጣት አትቀምስልኝም፤ ቶሎ መልሱኝ ነው። ምን ብላ ብታስፈራራት ነው?»

ቀያሹ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። ከዚያን ቀን ወዲህ ዘመድ በተሰበሰበበት ሁሉ አንገቱን ደፍቶ የሚቀመጥ ሰው ሆነ። ሚስቱን ግን አልተናገራትም፤ ሆድ ይፍጀው አለ። የእሱ ቅጣት ሌላ ነበር፤ የጓሮውን ሙቅ ውሃ ለራሱ እርም ብሎ፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ጠዋት ሁሉ ቤት ውስጥ በቀዝቃዛው ይታጠብ ጀመር።

እናቱ ታመው አልጋ ላይ በዋሉ ጊዜም፣ እሱ አጠገባቸው ተቀምጦ ሳለ የሚጠሩት ምራታቸውን ነበር። እስከዚያ ድረስ ፈርተዋታል ማለት ነው። በቀብራቸው ዕለት ሚስቱ ከልጆቻቸው አብልጣ ስታለቅስ፣ ቀያሹ እህቱን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። ከምንም ነገር ይልቅ በዚያ እንባ አፈረ።

ዓመታት አለፉ። ቀያሹ ጡረታ ወጣ፤ ከዚያም ታምሞ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ልታስታምመው የመጣችው እህቱ ከጎን ያለው ክፍል ተኝታ ሳለ፣ አንድ ጠዋት ነቅቶ አልነሣም አለ። ዐይኑን ጨፍኖ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበ።

ሚስቱ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጋ አየች። ከዚያ ለዘመናት እንደ ለመደ እጅ፣ የረጠበውን አንሶላ ከሥሩ ስባ ጠቀለለችው።

«እህትህ ሳትነሣ ና።»

ክንዱን ይዛ ግቢውን አሻገረችው። የጓሮውን ክፍል በር ዘግታ መቀርቀሪያውን ከውስጥ ወረወረችው። ቦይለሩ አስቀድሞ በርቶ ኖሮ ውሃው ሞቋል። ቀያሹ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ቀና በል እንጂ» አለችው፣ ጀርባውን በሙቁ ውሃ እያራሰች። «ይህንን ክፍል የመረጡት እማማ ናቸው፤ አንተ እንዳትሰማ አስምለውኝ።»