የማንኩሳው መቀናጆ

ጎረቤትየው ባዶ እጁን ቢመጣስ?

ትሕትና ይህን ጥያቄ የአገሮችን የገንዘብ ቅይይር ከተማረችበት ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ይዛው ዞራለች። እጇን አውጥታ ግን ጠይቃ አታውቅም፤ ሰው ፊት መናገር ለእሷ ገበያ መሃል ከመዝፈን አይተናነስም። ለማስተርሷ የጎደለውን ገንዘብ አባቷ ሲልኩላት እንኳ ከየት አመጡት ብላ መጠየቅ አፍራለች።

ስትጨርስ አዲስ አበባ አንድ የጥናት ማዕከል በኮንትራት ቀጠራት። የማዕከሉ ሥራ ጎረቤት አገሮችን በገንዘብ ማስማማት ነው። አንዱ ሲቸግረው የራሱን ገንዘብ አስይዞ የጎረቤቱን ይወስዳል፤ ቀኑ ሲደርስ አንዱ የሌላውን ይመልሳል። ስምምነቱ ብዙ ጊዜ ተፈርሟል፣ ብዙ ጊዜም ተጨብጭቦለታል። የተቀያየረ ግን የለም።

አንድ ቀን ትሕትና በቁራጭ ወረቀት ለአለቃዋ ሐሳብ አቀበለች። ይህ ነገር አገሯ ማንኩሳ መቀናጆ ይባላል፤ እያንዳንዳቸው አንድ በሬ ብቻ ያላቸው ጎረቤታሞች በሬዎቻቸውን ጠምደው በየተራ ያርሳሉ። አለቃዋ ከወንበሩ ተነሣ።

«የአገሮቹ ልዑካን ሄደው በዓይናቸው ይዩት! ይህ ከተሳካ ቋሚ ነሽ። ካልተሳካ… ኮንትራትሽ በሰኔ አይደል የሚያልቀው?»

ልዑካኑ ሐሙስ ስለሚደርሱ ቀድማ አገሯ ገባች። አባቷ አቶ ደረሰ የመጻሕፍት ካርቶኖቿን የበሬያቸው የሻንቆ ጋጣ ውስጥ ደርድረውላት አገኘቻቸው።

«አባባ፣ ሻንቆስ?»

«ቡሬ፣ እህቴ ዘንድ ይግጣል። ለሐሙስ ይደርሳል። የኛን ተዪውና ያን ወንዳወቅን ያዢው! ሰሞኑን አንገቱን ደፍቶ ነው የሚያልፈኝ።»

ከአባቷ ጋር በሬ ወደሚቀናጁት ጎረቤታቸው ሄደች።

«ጋሼ ወንዳወቅ፣ ሐሙስ በሬዎን ዳልቻን ያመጡታል አይደል?»

አቶ ወንዳወቅ መሬቱን በዱላቸው ጫሩ። «አባትሽ ምን አለሽ?»

«ሻንቆ ይደርሳል አሉኝ።»

«እንዲያ ካለ… እንግዲህ እግዜር ያሳየን።» ፊታቸውን አዙረው አጥራቸውን ማጠባበቅ ያዙ።

ትሕትና ተመልሳ ያየችውን ለአባቷ ነገረች። ሰውየው በሬያቸውን ሸጠዋል ማለት ነው።

«አላልኩሽም?» አሉ አባቷ። «ባዶ እጁን መጥቶ ሊያዋርደን ነው።»

ሐሙስ ልዑካኑ ፍኖተ ሰላም ቁርሳቸውን በልተው፣ አዲስ የገለባ ባርኔጣቸውን ደፍተው ተነሡ። መኪናው ውስጥ አንዱ ወደ ትሕትና ጆሮ ጠጋ ብሎ «አገሬ ዝግጁ ናት፤ ችግሩ ጎረቤቶቻችን ናቸው» አላት። ሌሎቹም በየተራ ጠጋ እያሉ ይህንኑ አሏት።

ማሳው ዳር የተሰቀለው ባነር ከማሳው ይሰፋል። አቶ ወንዳወቅ አልመጡም። ፀሐይዋ ከረረች፤ ልዑካኑ የታሸገ ውኃቸውን ጠጥተው ጨረሱ።

«ቀረ! አላልኩም? ቀረ!» እያሉ አቶ ደረሰ ይንጎራደዳሉ። ድምፃቸው ደስታ ደስታ ይላል።

አቶ ወንዳወቅ ከቁልቁለቱ ብቅ አሉ። ዳልቻ ከፊት ከፊታቸው ይመጣል።

ማንንም ሳያዩ ቀንበሩን በዳልቻ ጫንቃ ላይ ጣሉ። ሌላው ጫፍ አየር ላይ ቀረ። ልዑካኑ ካሜራቸውን አዘጋጅተው ወደ አቶ ደረሰ ዞሩ። አቶ ደረሰ ሰማዩን ያያሉ።

«አባባ፣ ሻንቆስ?»

«ምን ሻንቆ ሻንቆ ትይኛለሽ» አሉ በሹክሹክታ። «ማስተርስሽን ያስጨረሰሽ ማን ሆነና?»

ትሕትና መነጽሯን አውልቃ ለልዑካኑ መሪ አስያዘችና ከዳልቻ ጎን፣ ባዶው የቀንበር ጫፍ ሥር ገባች።