አንድ ቤት፣ አንድ የውጭ ሰው

ቶሎሳ ከጃፓን የመጣ ዕለት ሳሮንና ልጇ ሄኖክ ኤርፖርት ቆመው እግራቸው ዛለ። አብረውት የበረሩት አሜሪካኖች ሻንጣቸውን እየጎተቱ ወጥተው አለቁ። እሱ ከጥቂት ጃፓናዊ ሽማግሌዎች ጋር፣ በክራንች እያነከሰ፣ ከሁሉም ኋላ ብቅ አለ። ፀጉሩ እንደ ሱሞ ታጋዮች ወግ አናቱ ላይ ተቋጥሯል።

«ምነው ዘገየህ የኔ ልጅ?»

«ወረፋው ነዋ አክስቴ። ሌላ ጊዜ አወራሻለሁ» ብሎ ግንባሯን ሳማት። ከዚያ ሄኖክን ከእግር እስከ ራሱ ለካው። «ይሄ ሆድ የማን ነው? በር ላይ ቀድሞህ ነው እንዴ የሚገባው?»

ሄኖክ ሳቀ። ሳሮን አልሳቀችም።

ቶሎሳ የሟች እህቷ ልጅ ነው። አትላንታ ዳር፣ ሳንዲ ስፕሪንግስ ባለው አፓርታማዋ ሁለቱን ልጆች አንድ አልጋ ላይ እያስተኛች አሳድጋቸዋለች። ከአትላንታው ኦሎምፒክ በኋላ በዓመቱ አንድ ጃፓናዊ የሱሞ መልማይ የቶሎሳን ትከሻ አይቶ ወሰደው። ልጁ ደመወዝ ከማይከፈልባቸው ዝቅተኛ ደረጃዎች ጀመረ። የታላላቆቹን ጀርባ እያጠበ፣ ሩዛቸውን እየቀቀለ፣ ከላይ ሁለተኛ ወደ ሆነው፣ ደመወዝ ወዳለው ደረጃ ወጣ። ሄኖክም እነዚያን ደረጃዎች ሌላው ልጅ የሐዋርያትን ስም እንደሚያጠና አጠናቸው። አሁን እዚያው አቅራቢያ ኮንየርስ ከተማ፣ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ይጭናል፤ ልቡ ግን ጃፓን ነው።

መንገዱን የዘጋበት አንድ ሕግ ነው። ሱሞ ታጋዮች በአንድ አለቃ ሥር በአንድ ቤት ይኖራሉ፤ አንድ ቤት ደግሞ ከአንድ በላይ የውጭ ሰው አይቀበልም። በቶሎሳ ቤት ያ አንድ ሰው ቶሎሳ ነው። ሌሎቹ ቤቶች ሄኖክን አንፈልግም ብለዋል። ሃያ ሦስት ዓመት ከሞላው ደግሞ ማንም አይቀበለውም። የሚሞላው በጁላይ ነው።

«ጉልበቴን ላንቺ አደራ ብዬ ነው የመጣሁት» አላት ቶሎሳ በማግስቱ። የሳሮን ሥራ ክሊኒክ ውስጥ ከቀዶ ሕክምና የተነሱ ሰዎችን እግር ማለማመድ ነው። «ጅማቱን ቀጥለውልኛል። እስኪጠና ክብደት እንዳትጭንበት ብለዋል። እዚህ የተፈቀደልኝ ግን ሦስት ወር ብቻ ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ውድድር ስላመለጠኝ ደረጃዬ ወርዶ ይጠብቀኛል። እንደገና የሰው ጀርባ ማጠብ ነው» ብሎ ሳቀ።

ወርዶም፣ ጀርባ አጥቦም፣ ቦታውን አይለቅም ማለት ነው፤ ሳሮን እንደዚያ ሰማችው።

ቶሎሳ ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ እየወጣ በጃፓንኛ ስልክ ያወራል። ከማታውቀው ቋንቋ መሀል የልጇ ስም ይሰማታል፤ ቀጥሎ ሳቅ። አንድ ቀን የሄኖክን ሸሚዝ ከወንበር ላይ አንስቶ በስንዝር ሲለካው አገኘችው።

«ድንኳን ነው እኮ አክስቴ!» አለና መልሶ አስቀመጠው።

ሄኖክ በመጨረሻ ድፍረት አግኝቶ ጠየቀው። «ብሮ፣ ስለኔ ለአለቃህ ትነግረዋለህ ወይስ አትነግረውም?»

«ምን ያስቸኩልሃል? መጀመሪያ የኔ ጉልበት ይዳን።»

ያን ምሽት ሄኖክ እራት አልበላም። ሳሮን የልጇን ሳህን እንደ ሞላ አንስታ ስታጥብ፣ ውስጧ የነበረው ነገር መልክ ያዘ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፓስተሩ ስለ ቶሎሳ ጸሎት አስያዘ። እጇን ጉልበቱ ላይ እንድትጭን የተጠራችው እሷ ነበረች። ጉባኤው አሜን አለ። እሷም አሜን አለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት ክሊኒኩ ሰው አልነበረበትም። ሳሮን ጉልበቱን አጥፋ ዘርጋ አድርጋ አየችው። ገና ነው። ገና ብዙ ይቀረዋል።

«ድነሃል» አለችው። «ዶክተሮች ፈሪ ናቸው። የጉልበትህን ድጋፍ አውልቅና ያንን የሱሞ አረጋገጣችሁን አሳየኝ።»

አረጋገጣቸው የታወቀ ነው፤ ታጋዩ አንዱን እግር ወደ ሰማይ ያነሳል፣ ሙሉ ክብደቱ በሌላው ላይ ያርፋል፣ ከዚያ መሬቱን ይመታል።

«በዚህኛው እግር ልቁም? እርግጠኛ ነሽ?»

«የእናትህን ቦታ ይዤ እዋሽሃለሁ?»

ቶሎሳ የብረቱን ድጋፍ አወለቀ። ደህናውን እግር ቀስ አድርጎ አነሳ፤ ያ ሁሉ ገላ በአንድ ጉልበት ላይ ቆመ።

«ከፍ አድርገው» አለች ሳሮን። «አሁንም ከፍ።»

ጅማቱ ሲበጠስ ድምፁ ትንሽ ነበር። ሥራዋ ነውና ታውቀዋለች።

አምቡላንስ ስትጠራ አለቀሰች፤ ልቅሶዋ የውሸት አልነበረም። ሐኪሙ ልጁ መራመድ ይራመዳል፣ ትግል ግን በዚህ አበቃ አለ። ሄኖክ ኮሪደሩ ላይ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። «አይዞህ፣ ለበጎ ነው» አለችው እናቱ ጀርባውን እየዳበሰች።

ቶሎሳ ከሆስፒታል ወጥቶ ሶፋዋ ላይ ከተኛ በኋላ፣ ሳሮን ይሉኝታዋ የፈቀደላትን ያህል ጠበቀች። ጁላይ ግን አይጠብቅም። ሾርባ ይዛለት መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ቶልዬ፣ ያንተ እንግዲህ የእግዚአብሔር ፈቃድ ሆኗል። እባክህ ለአለቃህ ስለ ወንድምህ ደውልለት።»

«ትናንት ደወልኩለት» አለ ቶሎሳ ዓይኑን ከጣሪያው ሳያነሳ። «እምቢ አለ።»

«ለምን? ቦታውን ለሌላ ሰጡት?»

«ቦታውማ እኔ የጃፓን ዜግነት ከወሰድኩ ጀምሮ ባዶ ነው አክስቴ፤ ሄኖክን ይዤው ልሄድ ነበር የመጣሁት፤ አለቃዬ ግን አንተ እየታገልክ፣ አጠገቡ ሆነህ ካላሳደግኸው አልቀበለውም ብሏል።»