ሲጮሁበት ያልሸሸው ሌባ

«እትዬ... ወጥ ቤታችን ውስጥ ሰው አለ።»

ስልኩን ሳነሳ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው።

የደወለችው ከጎኔ ያለውን ቤት የተከራየው በያጅ ሚስት ናት። ድምጿ ከትንፋሽ አይበልጥም።

«የት ነሽ አሁን?»

«መኝታ ቤት... ሕፃኗም እዚሁ ናት።»

«በሩስ?»

«ቆልፌዋለሁ። ኮሞዲኖም አስደግፌበታለሁ። እሱ ግን ካልወጣሁ እያለ ነው።»

እሱ ማለት ባሏ ነው። ክንዱ የኔን ወገብ ያህላል... የኔን ወገብ ደግሞ ሰፈሩ ያውቀዋል።

በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል።

«ማሽኔን ሊወስድብኝ ነው። ዞር በይልኝ።»

የብየዳ ማሽኑን ማታ ማታ ወጥ ቤት ነው የሚያሳድረው። ሦስት ነፍስ የሚኖረው በዚያ ማሽን ነው። ለምን እንደነደደ ይገባኛል።

«ማሽን ይተካል» አለችው። «አንተን ከየት አመጣለሁ?»

ይቺን ልጅ ያኔ ወደድኳት።

«ፖሊስስ ጠራሽ?» አልኳት።

«መጀመሪያ የደወልኩት ለነሱ ነው። እየመጡ ነው።»

«ጎበዝ። ቆይ እኔም ልይልሽ።»

መብራቴን ሳላበራ መስኮቴ ጋ ሄድኩ። ከዚያ ሆኜ የጓሮ በራቸው ይታየኛል። ሰው ወሬኛ ይለኛል... ይበለኝ። መጋረጃ ገለጥ አድርጎ ማየት የት እንደሚጠቅም ያን ሌሊት ታወቀ።

«የጓሮው በር ገርበብ ብሏል። አልተሰበረም። ውጭ የቆመ ሰው የለም። ለፖሊሶቹ ደውዬ እነግራቸዋለሁ። እናንተ ከበሩ ጀርባ ሆናችሁ ጩኹበት። ሌባ ከሆነ መውጫው ክፍት ነው፣ ይሂድ።»

ነገርኳቸውና መልሼ ደወልኩላት።

በያጁ እየጮኸ ነበር። ግድግዳ አልፎ መጣልኝ፤ ያልነቃ ጎረቤት ያለ አይመስለኝም።

ከወጥ ቤቱ ግን መልስ የለም።

ዱብ... ዱብ... ዱብ...

የሆነ ነገር ይደበድባል። ረጋ ብሎ። እንደ ቤቱ።

በያጁ በገነ።

«ናቀኝ» አለ። «በገዛ ቤቴ ናቀኝ።»

ወንድ ልጅ ከመሰረቅ ይልቅ መናቅ ነው የሚያንገበግበው። አልጋ ሥር ያለውን ብረት ሲጎትት ሰማሁ።

«ስልኩን ስጪው» አልኳት።

ተቀበለ።

«አንተ... እዚያ ጨለማ ውስጥ ስንት ሰው አለ?»

«አንድ ነው።»

«ቆጠርከው?»

«አላየሁትም።»

«ምን ይዟል?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«እንግዲያው የማታውቀውን ነገር በጨለማ ምን ያጋፍጥሃል? ቁጭ በልና ልጅህን ታቀፍ። ብረት የያዘ እጅ ልጅ አያቅፍም።»

ተሳደበ። እኔን ይሁን ሌባውን አላውቅም።

ግን ብረቱ ወለሉ ላይ ሲያርፍ ሰማሁ።

ፖሊሶቹ መጡ። አንድ ወንድ፣ አንድ ሴት። ቤተሰቡ በየትኛው ክፍል እንዳለ ሚስትየው አስቀድማ ነግራቸዋለች። በጓሮ በር ገቡ።

ባትሪ በራ...

ድብደባው ቆመ።

ፖሊሷ ራሷ ጠርታ «አሁን ውጡ» እስክትላቸው ድረስ በያጁ በሩን አልከፈተም። እኔም ያኔ ነው ሹራቤን ደርቤ የሄድኩት።

ወጥ ቤቱ ውስጥ የቆሙት አንድ ሽማግሌ ናቸው። ሰማንያ ያለፋቸው።

እጃቸው እስከ ክርናቸው ዱቄት ነው። ጠረጴዛው ላይ ሊጥ እያሹ ነበር።

ፖሊሷን ቀና ብለው አዩዋት።

«አረፈዳችሁ» አሏት። «ደንበኛ ደጅ ሊቆም ነው።»

አወቅኳቸው።

ያ ቤት ሳይከራይ በፊት ዳቦ ቤት ነበር። ጋጋሪው እሳቸው ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ በዚያች ሰዓት በጓሮ በር እየገቡ ለሰፈሩ ዳቦ ሲጋግሩ ኖረዋል። አሁን ሁለት መንገድ ተሻግሮ ልጃቸው ቤት ነው ያሉት። አእምሯቸው ብዙ ነገር ረስቷል... እጃቸው ግን የሥራ ሰዓቱን አልረሳም።

ቁልፉስ? ኪሳቸው ውስጥ። አከራዩ ግድግዳውን አሳምሮ ቀባ እንጂ ቁልፉን አልቀየረም።

ያ ሁሉ ጩኸትስ?

ጆሯቸው አይሰማም። ማንንም አልናቁም።

በያጁ ግድግዳውን ተደግፎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ጀርባቸውን ሰጥተው ነበር የቆሙት» አለ ቀስ ብሎ። «እትዬ... ከኋላ ነበር የማገኛቸው።»

ሚስቱ ሕፃኗን አምጥታ አስታቀፈችው።

ደውዬላት ልጃቸው በነጠላ ጫማ እየሮጠች መጣች። «እኔ እኮ ተኝተው የሚያድሩ ነው የሚመስለኝ» እያለች ዱቄቱን በእጇ ትጠርግላቸዋለች።

እኔ መሬት መሬት አየሁ። ከሳምንት በፊት ገና ሳይነጋ እዚያው የጓሮ በር ላይ ቆመው አይቻቸው ነበር። ለአምስት ጎረቤት አውርቻለሁ። ማወቅ ለነበረባት ለልጃቸው ብቻ አልነገርኳትም።

ያን ሌሊት ነገርኳት። ይቅር በይኝም አልኳት።

በማግስቱ በያጁ የራሱን ቁልፍ ቀየረ። ከዚያ ሽማግሌው ቤት ሄዶ በራቸው ላይ ሲከፈት የሚያቃጭል ደወል ገጠመ። ልጃቸው ትሰማዋለች።

ወዳጆቼ... ሌሊት ቤታችሁ ውስጥ ኮቴ ከሰማችሁ ጀግንነት በር መክፈት አይደለም። ቤተሰባችሁን አንድ ክፍል ሰብስቡ፣ ቆልፉ፣ ደውሉ፣ ጠብቁ። ሌባ ከሆነ እናንተ ትተርፋላችሁ። ሌባ ካልሆነ ደግሞ እሱ ይተርፋል።

አሁን እውነቱን እንነጋገር... እየጮኻችሁበት የማይሸሽ ሰው ወጥ ቤታችሁ ቆሞ፣ ያን በር ሳትከፍቱ ትቆዩ ነበር?

ወንዶች ቀድማችሁ ጻፉልኝ። ሚስቶቻችሁ ደግሞ ከሥር ያርሟችሁ።