ስምንተኛው ሰዓት

«ከነገ ወዲያ የት ነው የምነቃው፣ ቡቡ?»

ቡቡ ሳላኒዬታ (ቡቡ በደሴቲቱ ቋንቋ አያት ማለት ነው) የልጅ ልጃቸውን «የቤት ሥራሽን ጨርሺ» አሏት። ኡናይሲ ሰሌኑ ላይ በደረቷ ተኝታ እርሳሷን ትነክሳለች። ፊት ለፊቷ መምህሯ የሰጠቻት ወረቀት አለ፦ ዘንግ የሌላቸው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የሚሞሉ ስምንት የሰዓት ሥዕሎች። ዘንጎቹን ትሥላለች፣ ከሥር ደግሞ በዚያ ሰዓት የምታደርገውን በእንግሊዝኛ ትጽፋለች።

በሩ ላይ የተቀመጠችው እናቷ ማኬሬታ ናት፤ የቡቡ ልጅ። ዋና ከተማው ሱቫ ውስጥ ሆቴል አልጋ ታነጥፋለች። ኡናይሲን ጡት እንዳስጣለቻት ለቡቡ ሰጠቻቸው፤ በደሴቲቱ የበኩር ልጅ ለአያት ቢሰጥ ነውር የለበትም። ትናንት ግን ልትወስዳት መጣች። ጀልባው ነገ ጎህ ሲቀድ ይነሳል። ባለ ጀልባው ሳኪዩሳ «ልጅቷ የቡቡ ናት። እሳቸው መጥተው ካልነገሩኝ አላሳፍራትም» ብሏል። ቡቡ ከትናንት ጀምሮ እሺም እንቢም አላሉም። ከተማው መኪና ብቻ ነው። ደረቷ ሲታፈን በዘይት ማን ያሽላታል? እያሉ ያስባሉ።

«ስንት ሰዓት ትነቂያለሽ?» አለች ማኬሬታ።

«የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ ሲመታ።»

«እሱ ሰዓት ነው እንዴ?»

«አጭሩን አምስትና ስድስት መሀል አድርጊው» አሉ ቡቡ፤ «ረጅሙ ወደ ታች።»

ኡናይሲ ሣለች። ቀጥላ «ገላዬን እታጠባለሁ» ብላ ጻፈችና አነበበችላቸው።

«ውሸታም። እየጎተትኩ የማጥብሽ እኔ አይደለሁም?»

«መምህራችን ማን ያጥባችኋል አላለችም።»

ማኬሬታ ሳቀች። ኡናይሲ ቀጠለች። በኮኮናት ዘይት ጸጉር መበጠር፣ ካሳቫና የሎሚ ቅጠል ሻይ፣ ትምህርት ቤት፣ ወደ ቤት መመለስ፣ እራት። በሁሉም ውስጥ ቡቡ አሉ። የማኬሬታ ሳቅ እየከሰመ ሄደ። ትስማ፣ አሉ ቡቡ በሆዳቸው፤ ትስማ እንጂ።

ኡናይሲ የመጨረሻውን ሥዕል ሳታመነታ ሞላችው። አጭሩ ዘንግ ስምንት ላይ፣ ረጅሙ ወደ ላይ፤ የማታው ስምንት።

«ስልክ እጠብቃለሁ» ብላ አነበበች።

«እኔ የምደውለው እሑድ እሑድ ነው እኮ» አለች ማኬሬታ ቀስ ብላ።

«አውቃለሁ። ግን በየቀኑ የምታደርጉትን ጻፉ ነው የተባልነው። የምጠብቀው በየቀኑ ነው።»

ቡቡ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ስልኩ መስመር የሚይዘው መስኮቱ ጋ ስለሆነ እዚያው ተንጠልጥሎ ነው የሚውለው። ማታ ማታ ኡናይሲ ከሥሩ ትቀመጣለች። ቡቡ ነፋስ ፈልጋ ይመስላቸው ነበር። ደረቷን እንዳይመታት እያሉ በሻርፕ ይጠቀልሏት ነበር።

ተነሱ። ሻርፑን ከሚስማሩ ላይ አወረዱት። አጥፈው፣ እጥፋቱን በመዳፋቸው አስተካክለው፣ ማኬሬታ ቦርሳ ላይ አኖሩት። ማኬሬታ ከደጃፉ ፈቀቅ አለችላቸው። ቡቡ ነጠላ ጫማቸውን አጠለቁና በባለ ጀልባው በሳኪዩሳ ቤት አቅጣጫ ወጡ።